ፔፕታይድ ሲሰበር፦ ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ግጭቱ ነው ወይስ ፕሮቶኑ?

እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ይሠሩ የነበሩት ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአሳማ አንጎል ለይተው ያወጡትን አንድ ንጥረ ነገር ማንነት ይፋ አደረጉ። የንጥረ ነገሩ ተግባር ከሞርፊን ተግባር ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሞርፊን ከዕፅ የሚገኝ ሲሆን ይህኛው ግን እንስሳው ራሱ በአንጎሉ ውስጥ የሚሠራው መሆኑ ነው። ስሙንም "አንጎል" ከሚለው የግሪክ ቃል ወስደው ኤንከፋሊን አሉት። የሕመም ስሜት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚገታ ለመረዳት ይህ ግኝት ትልቅ እርምጃ ነበር።

ኤንከፋሊን ከጥቂት አሚኖ አሲዶች የተገነባ አጭር ሰንሰለት፣ ማለትም ፔፕታይድ፣ ነው። የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ማንበቡ ግን ቀላል አልሆነም። ከአሳማዎቹ አንጎል የተገኘው ናሙና እጅግ ጥቂት ከመሆኑም በላይ የተለመደው ኬሚካዊ ንባብ ብቻውን ጥርት ያለ መልስ አልሰጠም። እንቆቅልሹ የተፈታው ሃዋርድ ሞሪስ የተባሉት ብሪታንያዊ ሳይንቲስት ናሙናውን በማስ ስፔክትሮሜትር በመረመሩ ጊዜ ነው። አንድ ነው የተባለው ንጥረ ነገር ሁለት ሆኖ ተገኘ! የመጀመሪያዎቹ አራት አሚኖ አሲዶች በሁለቱም ዘንድ ታይሮሲን፣ ግላይሲን፣ ግላይሲንና ፌኒልአላኒን ሲሆኑ፣ አምስተኛው ግን በአንደኛው ሜታዮኒን፣ በሌላው ሉሲን ነበር።

ለመሆኑ መጠነ ቁስ ከመለካት ያለፈ ሥራ የሌለው መሣሪያ ቅደም ተከተልን እንዴት ሊያነብ ቻለ? አጭሩ መልስ "ሞለኪውሉን ሰብሮ ስባሪዎቹን በመመዘን" የሚል ነው። ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ዋናውን ጥያቄ ሸፍኖ ያልፋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ያንኑ የተሸፈነውን ጥያቄ ነው፤ ሞለኪውሉ የት ላይ ይሰበራል? ለምንስ እዚያ ላይ?

ክብደት ብቻውን ቅደም ተከተል አይናገርም

ማስ ስፔክትሮሜትር የሚለካው የአንድን አዮን መጠነ ቁስ ለኤሌክትሪካዊ ሙሉ፣ ማለትም ለቻርጁ፣ ሲካፈል የሚገኘውን ውጤት ነው። ሙል የሌለው ሞለኪውል በኤሌክትሪክም ሆነ በማግኔት መስክ ሊመራ ስለማይችል ለመሣሪያው የለም ማለት ይቻላል። ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1913 ኒዮን የተባለው ጋዝ መጠነ ቁሳቸው 20 እና 22 የሆኑ ሁለት ዓይነት አቶሞች እንዳሉት ያሳዩት በዚሁ መርሕ በሚሠራ መሣሪያ ነበር።

ሉሲን ያለውን ኤንከፋሊን እንውሰድ። አንድ ተጨማሪ ፕሮቶን ሲይዝ መጠነ ቁሱ 556.28 ዳልተን ይሆናል። ይህ ቁጥር የትኞቹ አሚኖ አሲዶች በሰንሰለቱ ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ቢጠቁምም ስለ አሰላለፋቸው አንዳች ነገር አይነግረንም። አንድ ታይሮሲን፣ ሁለት ግላይሲን፣ አንድ ፌኒልአላኒንና አንድ ሉሲን በ60 ልዩ ልዩ መንገዶች ሊሰለፉ ይችላሉ፤ ስልሳዎቹም በሚዛን ላይ አንድ ናቸው። የተለያየ ክብደት ያላቸው ጨሌዎች የተሰኩበትን ክር ዓይናችንን ጨፍነን ብንመዝን የምናገኘው ድምሩን ብቻ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ክሩ አንድ ጊዜ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እዚያ እየተበጠሰ ቁራጮቹ ቢመዘኑ ግን የጨሌዎቹን ተራ ከቁራጮቹ ክብደት ልዩነት ማወቅ ይቻላል።

ይሁንና ምሳሌውን ከዚህ በላይ ማስኬድ አይገባም። ክር በሳብነው ቦታ ይበጠሳል፤ ፔፕታይድ ግን እንደምናየው በመታነው ቦታ አይሰበርም።

ግጭቱ ምን ያህል ኢነርጂ ይሰጣል?

ፔፕታይድ ሳይቃጠልና ሳይበታተን ወደ ጋዝነት ተለውጦ ሙል እንዲይዝ ማድረግ ራሱን የቻለ ታላቅ ችግር ነበር። ሞሪስ በ1975 ናሙናውን በቅድሚያ በኬሚካል ለውጠው በቀላሉ የሚተን ማድረግ ነበረባቸው። ጆን ፌን ፈሳሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ በመርጨት፣ ኮይቺ ታናካ ደግሞ በሌዘር ብርሃን በመምታት ትልልቅ ሞለኪውሎችን ሳይሰበሩ አዮን ማድረግ እንደሚቻል አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ስለሆነ እናልፈዋለን። የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው አዮኑ በደኅና ወደ መሣሪያው ከገባ በኋላ ነው።

ለመስበር በብዛት የሚሠራበት ዘዴ የሚፈለገውን አዮን ከሌሎቹ ለይቶ፣ አፋጥኖ፣ አነስተኛ መጠን ያለው ጋዝ ወዳለበት ክፍል ማስገባት ነው። ጋዙ አርጎን፣ ናይትሮጅን ወይም ሂሊየም ሊሆን ይችላል። አንድ ሙል ያለው የኤንከፋሊን አዮን በ30 ቮልት ልዩነት ቢፋጠን 30 ኤሌክትሮን ቮልት የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ይኖረዋል። የፊዚክስ ተማሪ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም እንዲል እንጠይቃለን። ይህ ሁሉ ኢነርጂ አዮኑን ለመስበር ይውላልን? አይውልም። ሞመንተም መጠበቅ ስላለበት የአዮኑና የጋዙ አቶም የጋራ ማዕከል ከግጭቱ በኋላም ጉዞውን ይቀጥላል፤ ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው ኢነርጂም ከሒሳቡ ይቀነሳል። በአንድ ግጭት ወደ አዮኑ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ከፍተኛው ኢነርጂ 30 በጋዙ መጠነ ቁስ ተባዝቶ ለሁለቱ ድምር የተካፈለ ነው። ለአርጎን 30 × 40 ÷ 596፣ ማለትም 2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይሆናል። ለሂሊየም ደግሞ 30 × 4 ÷ 560፣ ማለትም 0.2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው አዮኑ የሚሰበረው በአንድ ከባድ ምት ሳይሆን በብዙ ተከታታይ ግጭቶች እየሞቀ ሄዶ ነው።

"እየሞቀ" ያልነው እንዲያው ለአነጋገር አይደለም። ፕሮቶን የያዘው ኤንከፋሊን 78 አቶሞች ስላሉት 3 × 78 ሲቀነስ 6፣ ማለትም 228 የንዝረት ዓይነቶች አሉት። በግጭት የገባው ኢነርጂ በተመታው ቦታ ላይ አይቆይም፤ በፒኮ ሴኮንዶች ውስጥ በእነዚህ ንዝረቶች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። መሰበሩ ግን ማይክሮ ሴኮንዶችንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት በሚሊዮን እጥፍ የሚቆጠር ነው። ሞለኪውሉ ለመሰበር በሚዘጋጅበት ጊዜ የት ቦታ ላይ እንደተመታ ጨርሶ "ረስቷል" ማለት ነው።

ይህ ወደ ዋናው እንቆቅልሽ ያደርሰናል። አንድን ነጠላ የካርቦንና ካርቦን ትስስር ቀጥታ ለመበጠስ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል። አሚኖ አሲዶችን እርስ በርስ የሚያያይዘው የካርቦንና ናይትሮጅን ትስስር፣ ይኸውም የፔፕታይድ ትስስር፣ በከፊል የድርብ ትስስር ጠባይ ስላለው ጠንካራ ከሚባሉት ወገን ነው። ሆኖም ኤንከፋሊን የሚሰበረው በዚሁ ጠንካራ ትስስር ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ኢነርጂም ከ1 ኤሌክትሮን ቮልት እምብዛም አይበልጥም። ጠንካራው ስለ ምን ቀድሞ ተበጠሰ?

ተንቀሳቃሹ ፕሮቶን

መልሱ ያለው አዮኑን አዮን ባደረገው ፕሮቶን ዘንድ ነው። ፕሮቶኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቤዝነቱ በሚበልጠው ቦታ ላይ ነው፤ በኤንከፋሊን ይህ ቦታ የሰንሰለቱ መነሻ የሆነው የአሚኖ ጫፍ ነው። አዮኑ ሲሞቅ ግን ፕሮቶኑ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሰንሰለቱ ላይ መዘዋወር ይጀምራል። በዝውውሩ መካከል አልፎ አልፎ በአንድ የፔፕታይድ ትስስር ናይትሮጅን ላይ ያርፋል። ይህ ለፕሮቶኑ የሚመች ማረፊያ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ ጎረቤቱን ኦክስጅን ይመርጣል። ነገር ግን ለአንዲት ቅጽበት እንኳ በናይትሮጅኑ ላይ ካረፈ፣ ናይትሮጅኑ ትስስሩን ድርብ ያስመሰለውን የኤሌክትሮን ጥንድ ለፕሮቶኑ ይሰጣል፤ ትስስሩም ወደ ደካማ ነጠላ ትስስርነት ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ ከአንድ አሚኖ አሲድ በፊት ያለው ኦክስጅን ጎንበስ ብሎ የተዳከመውን ትስስር ካርቦን ያጠቃል። አምስት አቶሞች ያሉት ቀለበት ይሠራል፤ አዲሱ ትስስር እየተፈጠረ ሳለ አሮጌው ይለቅቃል። የኢነርጂው ሒሳብ እንቆቅልሽ የሚፈታውም እዚህ ላይ ነው። ትስስሩ እንዲሁ ተጎትቶ የተበጠሰ አይደለም፤ በሌላ ትስስር የተተካ ነው። ተከፍሎ የነበረው ኢነርጂ በከፊል ይመለሳል። ቪኪ ዋይሶኪና ሳይመን ጋስኬል እንዲሁም ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ያጠናከሩት ይህ አስተሳሰብ "የተንቀሳቃሽ ፕሮቶን ሞዴል" በመባል ይታወቃል። በእኛ አስተያየት የሞዴሉ ውበት ያለው በቀላልነቱ ነው፤ አንዲት ተራ የሃይድሮጅን ኑክለስ ከመጠነ ቁሷ 550 እጥፍ በላይ የሚመዝነውን ሞለኪውል የት እንደሚሰበር ትወስናለች።

ከተሰበረ በኋላ ፕሮቶኑ ከሁለቱ ስባሪዎች በአንዱ ላይ ይቀራል፤ መሣሪያውም ያንኑ ብቻ ያያል። ሙሉ በመነሻው፣ ማለትም በአሚኖ ጫፍ በኩል ባለው ስባሪ ላይ ከቀረ ስባሪው "ቢ" ይባላል፤ በመጨረሻው፣ ማለትም በካርቦክሲል ጫፍ በኩል ባለው ላይ ከቀረ ደግሞ "ዋይ" ይባላል። ከፊደሉ ቀጥሎ ስባሪው የያዛቸው አሚኖ አሲዶች ቁጥር ይጻፋል። ይህ አሰያየም በሮፕስቶርፍና ፎልማን እ.ኤ.አ. በ1984 ከቀረበው ሥርዓት የመጣ ነው።

አሁን ኤንከፋሊንን እናንብብ። በስፔክትረሙ ላይ ቢ2 በ221.09፣ ቢ3 በ278.11፣ ቢ4 በ425.18 ይገኛሉ። ከቢ2 እስከ ቢ3 ያለው ልዩነት 57.02 ነው፤ ይህም የግላይሲን ልክ ነው። ከቢ3 እስከ ቢ4 147.07 ነው፤ ፌኒልአላኒን። በሌላው አቅጣጫ ዋይ2 በ279.17፣ ዋይ3 በ336.19 ይታያሉ፤ ልዩነቱ አሁንም 57.02 ነው። ቢ2 እና ዋይ3 ሲደመሩ 557.28 ይሆናል፤ ይኸውም የሙሉው አዮን መጠነ ቁስና የአንድ ፕሮቶን ድምር ስለሆነ ሁለቱ የአንድ ስብራት ግራና ቀኝ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር ግን አለ። 278.11 እና 279.17 በአንድ ዳልተን ያህል ስለሚለያዩ ሁለተኛው የመጀመሪያው ከባድ አይሶቶፕ ሊመስል ይችላል። አይሶቶፕ ቢሆን ግን ልዩነቱ 1.003 በሆነ ነበር፤ እዚህ ላይ ያለው 1.06 ነው። በማስ ስፔክትሮሜትሪ ከነጥብ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ጌጥ አይደሉም።

አንባቢ "ቢ1ስ የት አለ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የለም፤ ወይም ከስንት አንዴ ብቻ ይታያል። ምክንያቱም ቀለበቱን የሚሠራው ኦክስጅን ከአንድ አሚኖ አሲድ በፊት መገኘት አለበት፤ ከመጀመሪያው አሚኖ አሲድ በፊት ደግሞ ማንም የለም። የጎደለው ቁጥር ራሱ ስለ ስብራቱ መንገድ ምስክር ነው።

ፕሮቶኑ ሲታሰር

ሞዴሉ እውነት ከሆነ ፕሮቶኑ እንዳይንቀሳቀስ ብናደርገው ስብራቱ ሊለወጥ ይገባል። ደግሞም ይለወጣል። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ በጋዝ ሁኔታ ከሁሉም ይልቅ ፕሮቶንን አጥብቆ ይይዛል። አርጂኒን ያለውና አንድ ፕሮቶን ብቻ የያዘ ፔፕታይድ ለመሰበር ከፍ ያለ ኢነርጂ ይጠይቃል፤ ሲሰበርም ብዙውን ጊዜ ከአስፓርቲክ አሲድ ቀጥሎ ባለው ትስስር ላይ ነው። ለምን ቢባል አስፓርቲክ አሲድ በጎን ቅርንጫፉ የራሱን ፕሮቶን ማበደር ስለሚችል ነው።

በቤተ ሙከራ ትሪፕሲን የተባለው ኤንዛይም የሚወደደውም ለዚህ ነው። ትሪፕሲን ፕሮቲንን ከላይሲንና ከአርጂኒን ቀጥሎ እየቆረጠ ፔፕታይዶች ያደርገዋል፤ ስለሆነም እያንዳንዱ ፔፕታይድ ማለት ይቻላል በመጨረሻው ላይ ፕሮቶን የሚይዝ ቦታ ይኖረዋል። አዮኑ ሁለት ፕሮቶኖች ሲይዝ አንዱ እዚያ ይታሰራል፤ ሁለተኛው ነጻ ሆኖ ይዘዋወራል። ሰንሰለቱም በየቦታው በተመጣጠነ ሁኔታ ይሰበራል። ፕሮሊን ያለበት ፔፕታይድ ግን ይህን ሚዛን ያፈርሳል። በፕሮሊን ፊት ያለው ትስስር በብዛት ስለሚሰበር ሌሎቹ ስባሪዎች በአንድ ግዙፍ ምልክት ጥላ ሥር ይውላሉ።

ንባቡ የሚሳሳትበት ቦታ

ፊደሎቹ ሁሉ የተለያዩ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ሉሲንና አይሶሉሲን ግን በአንድ ዓይነት አቶሞች፣ በእኩል ቁጥር የተሠሩ ስለሆኑ ሁለቱም 113.08 ናቸው፤ የቢና የዋይ ስባሪዎች አይለዩአቸውም። ሁለት ግላይሲኖች ጎን ለጎን ሲሆኑ 114.04 ይመዝናሉ፤ አንድ አስፓራጂንም ልክ 114.04 ነው። ቀመራቸው አንድ በመሆኑ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢረቅ ልዩነት አያገኝም። ልናውቅ የምንችለው በሁለቱ ግላይሲኖች መካከል የተሰበረ ስባሪ ከተገኘ ብቻ ነው። ላይሲንና ግሉታሚን ደግሞ በ0.036 ዳልተን ብቻ ይለያያሉ።

ዛሬ ስፔክትረሞች በብዛት የሚነበቡት በኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጂሚ ኤንግ፣ አሽሊ ማኮርማክና ጆን ዬትስ ካቀረቡት ዘዴ ጀምሮ ፕሮግራሞች የተለካውን ስፔክትረም ከታወቁ የፕሮቲን ቅደም ተከተሎች ከሚጠበቁት ስባሪዎች ጋር ያመሳክራሉ። ዘዴው ጠቃሚ ቢሆንም ሁልጊዜ "ከሁሉ የተሻለ" የሚለውን መልስ ይሰጣል፤ ከሁሉ የተሻለው ትክክለኛ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከ68 ሚሊዮን ዓመት የቲራኖሳውረስ ሬክስ አጥንት የኮላጅን ፔፕታይዶች ተነበቡ ተብሎ በሳይንስ መጽሔት ሲታተም ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶች የስታትስቲክሱን አስተማማኝነት ሲጠይቁ፣ ሌሎች በ2017 ፔፕታይዶቹን ከዘመናችን ወፍ አጥንት ብክለት መለየት አዳጋች መሆኑን አሳዩ። በአንጻሩ በቲቤት አምባ የተገኘ የ160,000 ዓመት የመንጋጋ አጥንት በ2019 የዴኒሶቫ ሰዎች ወገን መሆኑ የታወቀው በዚሁ ዓይነት ንባብ ነው፤ ከአጥንቱ ዲ ኤን ኤ ሊገኝ ባለመቻሉ የመሰከሩት ፕሮቲኖቹ ነበሩ። አንድ አሚኖ አሲድ በአንድ ቦታ መለወጡ የዘር ሐረግን ሲወስን ስባሪዎቹን በጥንቃቄ መቁጠር ግዴታ ነው።

ሳይሞቅ የሚሰበር

ሙቀት ደካማውን አስቀድሞ ይጥላል ብለናል። ይህ አንዳንድ ጊዜ የምንፈልገውን ነገር ያጠፋዋል። ሴሎች ፕሮቲኖችን ከሚያዝዙባቸው መንገዶች አንዱ በሴሪን፣ በትሪዮኒን ወይም በታይሮሲን ላይ 79.97 ዳልተን የሚጨምር የፎስፌት ምልክት መለጠፍ ነው። በካንሰር ሕክምና ምርምር ምልክቱ የቱ ላይ እንደተለጠፈ ማወቅ ትልቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን አዮኑ ሲሞቅ በተለይ በሴሪንና በትሪዮኒን ላይ ያለው ፎስፌት ከዋናው ሰንሰለት በፊት ይወድቃል፤ 97.98 ዳልተን ይጠፋል፤ ቦታውም ይሰወራል።

ሮማን ዙባሬቭ፣ ኒል ኬለኸርና ፍሬድ ማክላፈርቲ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1998 ያስታወቁት ዘዴ ለዚህ መፍትሔ ሆነ። ብዙ ፕሮቶኖች የያዘ አዮን ዝግ ያለ ኤሌክትሮን እንዲይዝ ይደረጋል። ኤሌክትሮኑ ሲያዝ በሰንሰለቱ ላይ ሌላ ትስስር፣ ማለትም ናይትሮጅኑን ከሚቀጥለው ካርቦን ጋር የሚያገናኘው፣ ይበጠሳል፤ "ሲ" እና "ዜድ" የተባሉ ስባሪዎች ይገኛሉ። ፎስፌቱ ግን በብዛት ከነቦታው ይቆያል። ስለ ስልቱ ዝርዝር ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። የዶናልድ ሃንት ቡድን በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤሌክትሮኑን በአሉታዊ አዮን አሳዝሎ ማድረስ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ዘዴው ውድ ማግኔት በሌላቸው መሣሪያዎችም ሊሠራበት ችሏል። አንድ ሙል ብቻ ያለው አዮን ግን ከዚህ አይጠቀምም፤ ኤሌክትሮኑ ያለችውን አንዲት ሙል ስለሚያጠፋት ለመሣሪያው የማይታይ ይሆናል።

መሣሪያው ውድ ቢሆንም ንባቡን ለመለማመድ እርሳስና ካልኩሌተር ይበቃሉ። ለአንባቢያን አንድ ልምምድ እናቅርብ። በ1975 ከሉሲኑ ኤንከፋሊን ጋር ተቀላቅሎ የተገኘው ሌላው ፔፕታይድ ከነፕሮቶኑ 574.23 ዳልተን ይመዝናል። ቢሰበር 221.09፣ 278.11 እና 425.18 ላይ ያሉት ምልክቶች ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ 279.17 የነበረው ግን ወደ 297.13፣ 336.19 የነበረውም ወደ 354.15 ይሄዳል። ለውጡ በየትኛው ጫፍ እንዳለ፣ ስንት ዳልተን እንደሆነና ስለ ምን በሁለቱም ላይ እኩል እንደሆነ አንባቢው ራሱ ያስላው።